ማይክ መሰኪያ ያላት ካሜራ

ጥር 6

ካሜራሽ አይጠገንም።

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። መጥፎውን ያስቀደምኩት ሰላምታዬን አንብበሽ ተስፋ እንዳታደርጊ ብዬ ነው። በካልሲ ጠቅልለሽ በአውቶቡስ የላክሻትን ዛሬ ጠዋት ፈታኋት። ሌንሱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የምትነዳው ሞተር ተቃጥላለች፤ ጥርሶቿ መሃል አሸዋ ገብቷል። «አልወደቀችም» ብለሻል። እሺ፣ አልወደቀችም። ታዲያ ጥጓ ላይ ያለው ስንጥቅ ከፋብሪካ ነው የመጣው? እዚህ ጥገና ቤት አሥራ አንድ ዓመት ስቀመጥ «ወድቆብኝ ነው» ያለኝ ደንበኛ ሁለት ብቻ ነው። የሌላው ሁሉ ካሜራ ተቀምጦ ሳለ ራሱን ጎድቷል።

አዲስ እንድፈልግልሽ ጠይቀሻል፤ ርካሽ፣ ለፎቶም ለቪዲዮም የምትሆን። ይህን በሳምንት አሥር ሰው ይጠይቀኛል፤ መልሴም አንድ ነው። ርካሽ ካሜራ ሁለቱንም ሥራ ይሠራል፤ ግን አንዱን ከልቡ፣ ሌላውን ለይሉኝታ ነው። ስለዚህ የትኛውን ከልቡ እንዲሠራልሽ እንደምትፈልጊ ንገሪኝ። የምታነሺው ቤት ውስጥ ነው ደጅ? የሚቀመጥ ሰው ነው የሚሮጥ? ቪዲዮው በአንድ ጊዜ ስንት ደቂቃ ይሆናል? በዚህኛው ላይ እውነቱን ጻፊልኝ፤ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ይዋሻል። የስልክሽ ካሜራ ለምን እንደማይበቃሽም አልገባኝም።

በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን ስላልሽ ነው የጻፍኩት። እጄ ካቻቢቴ እንጂ እስክሪብቶ ለምዶ አያውቅም፤ ስለ ጽሕፈቴ አትታዘቢኝ።

ለቤቱ ሰው ሁሉ ሰላም በይልኝ።

ወንድምሽ


ጥር 11

ይድረስ ለካቻቢቴ፤

ሰላምታህን ለቤቱ ሰው ሁሉ አድርሻለሁ። ሁለት ነን፤ ብዙ አልደከመኝም።

ካሜራዋ ወድቃለች። ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ፣ ሁለቴ። አሁን ሦስት ታማኝ ደንበኛ አለህ።

የምፈልጋት ለሱቁ ነው። ከፊት ለፊቴ ያለው መሥሪያ ቤት ለሚሞላው ፎርም ሁሉ ሁለት ጉርድ ፎቶ አምጡ ይላል። ሰው ፎርሙን እኔ ጋ ኮፒ ያስደርግና ለፎቶው እስከ ድልድዩ ይሄዳል። ድልድዩ ጋ ያለው ሰውዬ ደግሞ ከወር በፊት የኮፒ ማሽን አስገብቷል። ስለዚህ እየሄዱ ነው፣ አይመለሱም። ፎቶ ካልጀመርኩ በዓመቱ መጨረሻ እኔና ማሽኔ ተፋጠን ነው የምንውለው።

ቪዲዮው ለምርቃት ለምናምን ነው። ሦስት ደቂቃ፣ አራት ደቂቃ። ሰው ተቀምጦ ይናገራል፣ እኔ እቀዳለሁ፣ ይኸው ነው። ማይክ የሚሰካባት ቀዳዳ ትኑራት፤ ይህን እንዳትረሳ፣ ሌላው ሁሉ ቢጎድል ይቅር። ደግሞ ስትቀዳ ፊቷ ላይ ቀይ መብራት የምታበራ ከሆነች እንዴት እንደሚጠፋ ንገረኝ። ቀይ መብራት ሲያይ አፉን የሚዘጋ ሰው አለ። ስልኬ አይሆንም፤ አሥር ደቂቃ ሳይቀዳ ሞላሁ ይላል፤ መሃል ላይም ሰው ይደውላል።

አባባ ደህና ነው። ድምፁን ትንሽ ጎርነን ብሎታል፤ ጉንፋን ነው። ጡረታ ወጥቶም ከመናኸሪያው አልተላቀቀም፤ መስኮቱን ከፍቶ አዲሱን አስተዋዋቂ ያዳምጣል። ልጁ አንዱን አውቶቡስ አምስት ስድስት ጊዜ ነው የሚጠራው። አባባ ይበሳጫል፤ «ሁለቴ የተጠራ ሰው ሰምቷል። ሦስተኛው ስድብ ነው» ይላል። ሠላሳ ዓመት እያንዳንዱን አውቶቡስ ሁለት ጊዜ ብቻ ጠርቶ «ጋሽ ሁለቴ» የተባለ ሰው ሌላ ምን ይበል?

በጽሑፍ እንቀጥል። ስልክ ላይ «እሺ፣ እሺ» ብለህ ትዘጋብኛለህ።

እህትህ


ጥር 15

እታለም፤

ጉርድ ፎቶ አይናገርም። ማይክ መሰኪያው ምን እንደሚያደርግልሽ አልገባኝም። ግን አንዴ ፈልጌያለሁ ካልሽ ሐሳብሽ የማይጠገን ነገር መሆኑን ከልጅነቴ አውቃለሁ።

ያገለገሉ ሦስት ካሜራዎች ጠረጴዛዬ ላይ ደርድሬያለሁ። አንደኛዋ ትልቅ ናት፤ ሌንሷ የሚቀየር። ፎቶዋ የሚያስቀና ነው። ቪዲዮ ላይ ግን የምታየው ሰው ይጠፋባታል፤ ሰውዬው ሳይንቀሳቀስ እሷ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያለች ስትፈልገው ትውላለች። ሁለተኛዋ ኪስ ውስጥ የምትገባ ናት፤ ቪዲዮዋ ጥሩ ነው፣ ማይክ መሰኪያ የላትም። እሷን ሳነሳ ያንቺ ፊት ታየኝና መልሼ አስቀመጥኳት።

ሦስተኛዋ ግራጫ ናት፤ መካከለኛ። የቀድሞ ባለቤቷ የጥርስ ሐኪም ነበረች፤ ጥርስ ብቻ ነው ያነሳችባት። ዕድሜዋን በሙሉ የተከፈተ አፍ ስታይ የኖረች ካሜራ ናት፤ አፉን የሚዘጋብሽን ሰው እሷ ታስከፍተው ይሆናል። ፎቶዋ ለጉርድ ይተርፋል። ቪዲዮዋ ተቀምጦ ለሚናገር ሰው ደህና ነው። ማይክ መሰኪያ አላት። ባትሪዋ ቶሎ ያልቃል፤ ሁለተኛ ባትሪ አብሬ እልካለሁ። ስክሪኗ ተጭሯል፤ ፎቶው ላይ አይወጣም። ሌላም አንድ ጉድለት አላት፤ እሱ ግን አንቺን አይመለከትም።

ቀይ መብራቷ አይጠፋም። ጥቁር ፕላስተር ለጥፊባት።

ሻጭ ማጣሪያ መስታወት ነው፣ ቦርሳ ነው እያለ ሌላ ነገር ሊጨምርብሽ ቢሞክር አትስሚው። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ግን ግዢ። እጅ ይንቀጠቀጣል፤ የማይንቀጠቀጥ የሚመስለው እጅ ይበልጥ ይንቀጠቀጣል።

ጉንፋኑ ለቀቀ? ለቤቱ ሰው ሁሉ ሰላም።

ወንድምሽ


ጥር 22

ለካቻቢቴ፤

ግራጫዋ በሰላም ገብታለች። አውቶቡሱ ላይ ሹፌሩ ጭኑ ላይ አድርጎ ነው ያመጣት፤ «የጋሽ ሁለቴ ቤት ዕቃ ነው» ብለውት። እግዜር ይስጥህ።

በሁለት ቀን አሥራ አራት ሰው አነሳሁ። አሥራ አራቱም አረንጓዴ ናቸው። አንዷ ሴትዮ ፎቶዋን አይታ «ይህቺ የሞተች ናት፣ ፎርሙ ላይ ደግሞ በሕይወት አለሁ ብዬ ነው የሞላሁት» አለችኝ። እንዳትስቅ። ካርዱን አብሬ ልኬልሃለሁ፤ እየውና ምን እንደነካሁ ንገረኝ።

የመጨረሻው ፎቶ አባባ ነው፤ ለሙከራ አነሳሁት። «ሻርፑን አውልቅ» ብለው «ለአንገቴ ነው ያሰርኩት ለፎቶሽ?» አለኝ። ኮሌታውን አስተካክሎ፣ ደረቱን ነፍቶ ተቀመጠ።

«ካሜራዋን ማን መረጣት?»

«ካቻቢቴ።»

«እንግዲያው ትሠራለች» አለ።

ያለው ይህን ብቻ ነው፤ እንዳታሰፋው።

ያ «ሌላ ጉድለት» ያልከው ምን እንደሆነ አልነገርከኝም። አይመለከትሽም ካልክ ይሁን።

ጉንፋኑ አለ።

እህትህ


ጥር 26

እታለም፤

አረንጓዴው ከጣሪያሽ መብራት ነው። ረጅሙ ነጭ መብራት ለዓይን ነጭ ነው፣ ለካሜራ አረንጓዴ። ላይኛውን ቁልፍ ተጭነሽ የመብራት ዓይነት የሚመረጥበት ዝርዝር ውስጥ ግቢና የረጅሙን መብራት ሥዕል ምረጪ። ሁለተኛ አትንኪው። ሴትዮዋን በነፃ ድገሚላት።

አሥራ አራቱን አየሁ። አቀማመጣቸው ጥሩ ነው፤ ሰዎቹን ከግድግዳው ትንሽ አርቂ፣ ጥላቸው ጀርባቸው ላይ ተለጥፏል።

አሥራ አምስተኛውንም አየሁ።

መብራትሽ ከቀኝ ነው የሚመጣው። የሁሉም ሰው ጥላ በግራ መንጋጋው ሥር ነው። እሱ ላይ ግን ከሻርፑ በላይ በቀኝም በኩል ጠቁሯል። መጀመሪያ ሌንሷ የቆሸሸች መሰለኝ፤ ሌሎቹ ላይ የለም። አሳድጌ አየሁት። ጥላ ጠርዙ ይደበዝዛል፤ ይህ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ብሎ ነው የሚያልቀው። ካውያ የነካው ሸሚዝ ነው የሚመስለው።

እዚህ አጠገቤ ሰዓት የሚጠግነው ሰውዬ አምና አንገቱ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ነበረው። ጨረር ነው ብሎኝ ነበር።

ማይኩ ለማን ነው?

ወንድምሽ


የካቲት 2፣ እሁድ

ወንድሜ፤

ይቅር በለኝ። ጉንፋን ያልኩት ጉንፋን አይደለም። ማንቁርቱ ላይ ነው። እስከ ኅዳር መጨረሻ ጨረር ሲሰጠው ነበር፤ አልያዘለትም። ሐሙስ ጠዋት ማንቁርቱን ቀደው ያወጡታል። ሐኪሟ ሰውዬው ይተርፋል ትላለች፤ ድምፁ ግን አይተርፍም። ከሐሙስ በኋላ በወረቀት ነው የሚያወራን። ወረቀት ደግሞ ከእኔ ሱቅ አይጠፋም።

እንዳልደውልልህ አስምሎኛል። «ታመመ ተብሎ እንዲመጣ አልፈልግም። መምጣት ከፈለገ መንገዱን ያውቀዋል» አለ። አትጻፊለት ግን አላለኝም። ደብዳቤ ደብዳቤ ያልኩህ ለዚህ ነው። ልነግርህ እጀምርና ስለ ሌንስ ጽፌ እጨርሳለሁ።

ማይኩ ለእሱ ነው። ሠላሳ ዓመት ከተማው ሁሉ የሰማው ድምፅ አንድ ቦታ እንኳ አልተቀዳም። መናኸሪያው ሄጄ ጠየቅሁ፤ «ለምን ብለን እንቀዳዋለን፣ ሁልጊዜ እዚሁ ነበረ እኮ» አሉኝ።

ዛሬ ቀዳሁት። ካሜራዋን ባለ ሦስት እግሩ ላይ አቆምኳት፣ ማይኩን ኮሌታው ላይ ሰካሁለት፣ ቀዩን መብራት እንዳልከኝ በጥቁር ፕላስተር ሸፈንኩ።

«ምን ልበል?» አለኝ።

«የፈለግከውን።»

«የፈለግኩትን ተናግሬ አላውቅም። የተጻፈልኝን ነው የማነበው።»

ስለዚህ አውቶቡሶቹን ጠራ። ከቁጥር አንድ ጀምሮ እስከ ሃያ ሁለት፣ ሰዓታቸውን፣ የሚቆሙበትን ሁሉ፣ ያለ ወረቀት፣ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ። ድምፁ በየመሃሉ ይቆረጣል፤ ውኃ እየጠጣ ይቀጥላል። ሰላሳ ደቂቃ ግድም ፈጀበት። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«አበቃ?» አልኩት።

«ቁጥር አራትን ዘለልኩ» አለ።

ቁጥር አራት አንተ ከቤት የሄድክበት ነው። ስለ እሱ አርባ ደቂቃ ተናገረ። እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፤ አንተም አልሰማኸውም።

ሲጨርስ ካሜራዋን ላጠፋ ሄድኩ። ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ ከሃምሳ ዘጠኝ ሰከንድ ላይ ቆማለች። ሃያ አንዱ አውቶቡስ አለ። ቁጥር አራት የለም። መብራቷ ጠፍቶ ነበር፤ ፕላስተር ሥር ያለውን መብራት ማን ያያል? ባትሪዋ ግማሽ አለው፣ ካርዱም አልሞላም። ተበላሽታ ነው?

ድገመው ብዬ ለመንኩት። «ዕድሜ ልኬን ሁለት ሁለቴ ተናገርኩ። ይቺን አንዴ» አለና ማይኩን ራሱ ነቅሎ ሰጠኝ።

ያለውን አልጽፍልህም። ሞክሬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ፤ እኔ ስለው የሌላ ሰው ወሬ ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ያን ቀን የአንተን አውቶቡስ ሦስት ጊዜ ነው የጠራው። አውቶቡሱ አራት ደቂቃ ዘገየና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡት። ወረቀቱን ዛሬ አሳየኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት መሳቢያው ውስጥ አስቀምጦታል። ሦስት ጊዜ መጥራቱን ታውቅ ነበር? ለምን እንደጠራ የሚያውቀው እሱ ነው። እስከ ሐሙስ ድረስ መናገር ይችላል።

ይህን ነገ ጠዋት በሚነሳው አውቶቡስ እልከዋለሁ፤ ማክሰኞ ጠዋት ይደርስሃል።

እህትህ


የካቲት 4፣ ማክሰኞ

እታለም፤

ካሜራዋ አልተበላሸችም። ሰላሳ ደቂቃ ሳይሞላ እንድትቆም ተደርጋ ነው የተሠራችው። ከሰላሳ ደቂቃ በላይ የሚቀዳ ካሜራ በአንዳንድ አገር እንደ ቪዲዮ ካሜራ ተቆጥሮ ቀረጥ ይጨመርበት ነበር፤ ፋብሪካዎቹ አንድ ሰከንድ ሲቀረው ያቆሙታል። ቁልፉን እንደገና ብትጫኚው ትቀጥል ነበር። «አንቺን አይመለከትም» ያልኩት ጉድለት ይህ ነው። ሦስት አራት ደቂቃ ብለሽኝ ነበርና ተውኩት። ስልክሽ አሥር ደቂቃ እንኳ አይቀዳም ብለሽ ስታማርሪ ግን ሦስት ደቂቃ ለሚቀዳ ሰው አሥሩ ምኑ እንዳነሰው መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም። ፕላስተሩንም ያስለጠፍኩሽ እኔ ነኝ። ሦስቱም ጥፋቶች የእኔ ናቸው። የአንቺ ጉንፋኑ ብቻ ነው።

ለጠየቅሽኝ መልስ፦ አዎ፣ አውቃለሁ። ቆጥሬያለሁ።

አንቺ ያን ጠዋት ሥራ ላይ ነበርሽ። ከዚያ በፊት የነበረውን ማታ ግን ሰምተሻል። መናኸሪያው ውስጥ ረዳት አስተዋዋቂነት ለምኖልኝ መጣ፤ እኔ ደግሞ «ዕድሜዬን ሌላ ሰው ስሸኝ አልኖርም» አልኩት። «እንግዲያው ራስህን ሸኝ» ብሎኝ ተኛ። ጠዋት አውቶቡሱ ላይ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩ። እሱ አውቶቡስ በሚጠራባት የመስታወት ክፍል ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። አንዴ ጠራ። ሁለቴ ጠራ። ሹፌሩ ፍሬኑን ለቀቀ፣ ከዚያ እንደገና ቁጥር አራት አለ። ሹፌሩ መልሶ ቆመ። «ጋሽ ሁለቴን ዛሬ ምን ነካው?» ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሦስተኛው ስድብ ነው ሲል ነው ያደግኩት። በሰው ፊት የሰደበኝ መሰለኝ። አሥራ አንድ ዓመት የተቀየምኩት በዚያ ነው፤ ለማንም አልተናገርኩም፤ ሲናገሩት የልጅ ነገር ይመስላል።

ማስጠንቀቂያ እንደተጻፈበት አላውቅም ነበር። ልሰድበው ብሎ አራት ደቂቃ የሚያስቆም ሰው አይደለም። ለስድብ ቢሆን ያቺን ወረቀትም ይህን ሁሉ ዓመት አያስቀምጣትም ነበር።

ደብዳቤሽን ሦስት ሰዓት ላይ አገኘሁት። ስልኩን አነሳሁና አስቀመጥኩት። ብደውል «አሎ» ብሎ ስልኩን ለአንቺ ይሰጣል፤ አንቺም የመሐላሽ ነገር አለብሽ። ስለዚህ መሣሪያዬን ሰብስቤ ወደዚህ ወጣሁ፤ ከጥገና ቤቱ ማዶ ካለው ካሜራ ሻጭ ዘንድ ነኝ። ይህን የምጽፈው ባንኮኒው ላይ ነው። ሳታቋርጥ እስከፈለግሽው ድረስ የምትቀዳ ካሜራ አለችው፤ ማይክ መሰኪያም አላት። በስድስት ሰዓቱ አውቶቡስ ልጭናት ነው የመጣሁት። ነገ ከሰዓት ትደርስልሽ ነበር፤ ማታውን ትቀጂው ነበር።

ሻጩ ሊያመጣት ወደ መጋዘኑ ገብቷል። «አምስት ደቂቃ» ብሎኛል። የእሱን አምስት ደቂቃ አውቀዋለሁ፤ እኔም ለደንበኛ የምለው ነው።

እዚህ ቆሜ ሳስበው አንድ ነገር ገባኝ። ይቺን አንዴ ካለ አንዴ ነው፤ ምንም ካሜራ ብልክልሽ ሁለተኛ አያስወጣውም። ግን ያቺን አንዷን የተናገረው ለአንቺ ነው። ለእኔ ገና አንዴም አልተናገረም። ያ እንደ ሁለተኛ ይቆጠር እንደሆነ እሱ ይወስን፤ የደንቡ ባለቤት እሱ ነው።

ለቤቱ ሰው ሁሉ ሰላም በይልኝ ብዬ አልጨርስም። አባባን ነገ ከሰዓት እኔው ሰላም እለዋለሁ። ይህንንም ደብዳቤ በእጄ ነው የማመጣልሽ፤ ከእኔ የሚቀድም አውቶቡስ የለም። ሐሙስ ጠዋት ፎርም ካለ አዘጋጂ፤ ፈራሚ ቢጠይቁ ሁለት ነን።

አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። መናኸሪያው ድረስ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ሻጩ ከመጋዘኑ ውስጥ እየጮኸ ነው፦

«ጌታው! ጥቁሯን ነው ግራጫዋን?»

አልመለስኩለትም።

«ጌታው!»

ሁለቴ ጠራ። ወጥቻለሁ።